ካቻቪቴ

ኅዳር ነው ቱሪን ላይ፤ ዝናቡ አላባራም፤
ያፌት ቁልፍ ተጫነ፣ መብራቱ አልበራም።
ደግሞ ተጫነና ጆሮውን አስጠጋ፤
አንዴ ሲጥ አለና ትንፋሹ ተዘጋ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በወር በወር ከፍዬ፣
ዕዳውን ጨርሼ «ተገላገልኩ» ብዬ
ሳምንት ሳይሞላኝ ነው። ዋስትናው ያለቀው
ከዕዳው እኩል ነበር፤ ይሄን ማን ጠበቀው?

ስልክ ደወልኩላቸው። ሙዚቃ አሰሙኝ።
ሙዚቃው ሲያበቃ አንዲት ልጅ ሰጡኝ።
«አይጠገንም» አለች ድምጿን አለስልሳ፣
የአዲሱን ዋጋ ግን መንገሩን ሳትረሳ።

ያፌት አላለቀሰም። ይሄ ነው ያስፈራኝ።
ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዝም ብሎ አየኝ።
ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ የኔው ነው የዚያን ለታ፣
የፋብሪካችን በር ሲቆለፍ የዓርብ ማታ።
«አባዬ፣ ከተማዬ እዚያ ውስጥ ነበረ፤
ድልድዬ፣ ፈረሴ… ሁሉም አብሮ ቀረ?»

ከደረጃው በታች፣ ብስክሌት ካለበት፣
ኦሬስቴ ይሠራል ባንድ አምፖል መብራት።
ሰማንያ ሁለቱን በሰኔ ደፈነ፤
የማን ቤት ካውያ ነው በእጁ ያልዳነ?
ሻይ ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጥና
መበየጃ ሲይዝ ጸጥ ይላል እንደገና።

«ካቻቪቴ» አለኝ። ሰጠሁት። «ፒንሳ» አለ።
አስተርጓሚ የለን፣ የሚያሻማም የለ።
ናዝሬት፣ ያጎቴ ጋራዥ፣ መኪና ሥር ተኝቼ
እነዚህን ቃላት በአማርኛ ጠርቼ
የኛው ናቸው ብዬ ነበር የማውቃቸው፤
እሱ አፍ ላይ ሳገኝ ልል ነበር፦ «ሰረቃቸው!»

አራት ብሎን ፈታ። አምስተኛ የለም፤
የቀረው ሙጫ ነው፤ ሙጫ አይፈታም።
ባፍንጫው አስጠግቶ እንደ ወጥ አሸተተው፤
«ልቡ አርሯል» አለና ወደ ጨርቁ ከተተው።

ከመደርደሪያው ላይ አንድ ግራጫ ሣጥን፣
እንደ አጫሽ ሰው ጥርስ ብጫ የሆነውን፣
አወረደ።
«ሁለት ጊዜ» አለኝ «ከሰገነት ወደቀ፤
ሁለቱንም ጊዜ ንጣፉ ነው የደቀቀ።

ውሰደው፣ ይጫወት።
አንድ አደራ ብቻ፤
ከላይ ያለው ስም አይጥፋ።»
ሌላ ቃል አልወጣውም። አምፖሉን አጠፋ።

ካሴቱን እፍ አልነው፣ እሱም እኔም በተራ፤
ሣጥኑ አላሰበም፤ ወዲያው ነው የበራ።
የኛው፣ ነፍስ ይማር፣ ሲነቃ «ቆይ ልታደስ»፣
«የይለፍ ቃል አምጡ»፣ እራት እስኪደርስ።
ይሄ ማን ነህ አይል።
ሦስት መስመር ወጣ። አንደኛው ላይ፦ ፍራንካ።
ሁለቱ ባዶ ነው። ያፌት ምንም ሳይነካ
«ማናት?» አለኝ። እንጃ። ግንብ ሥር ቆማለች፤
ባራት ልብ፣ ባንድ ሰይፍ፣ ተራ ትጠብቃለች።

በማግስቱ ወረድኩኝ። «ባትሪው» አልኩት «ያልቃል፤
ካሴቱ ውስጥ ያለው፤ እስከ መቼ ይበቃል?
ሁሉን የምትጠግን፣ ምነው ብትቀይረው?»
ካቻቪቴውን ይዞ ጫፉን ብቻ እያየው
«ባትሪው ሲወጣ» አለኝ «ካሴቱ ይረሳል።
ስለዚህ አልነካው።»
ሻዩ በጣቶቹ መሀል ይፈሳል።

ልጅህ ናት ወይ? ሞተች? ወይስ ስልክ አትደውል?
አንዱንም አልጠየቅኩ። ብሎን ለቀምኩለት፣
ከወለሉ ላይ፣ አንድ በአንድ፣ ዝም ብዬ።

ማታ ያፌት ስሙን ጻፈ፤ መሀሉን ዘለለ።
«ለምን?» ስለው፣ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ምን አለ፦
«እሷ ሰፊ ቦታ ትፈልግ ይሆናል።»
አዲሱም ሥራ አገኘ፤ ሽብልቅ ሆኖ ይውላል፤
አምስት መቶ ዩሮ፣ ከገበታው እግር ሥር።
ዝናቡ አላባራም። ያፌት እፍ ይላል።